የተዋስኩት ድምፅ

ባለፈው ቅዳሜ ከሲያትል ወጣ ብሎ ፌደራል ዌይ፣ የታምራት ልጅ ምረቃ ድግስ ላይ ነበርን። ታምራት የናዝሬት አብሮ አደጌ ነው፤ አንድ ክፍል ተምረናል፣ ሲያትል እንደመጣንም አንድ አፓርትመንት ተጋርተን ኖረናል። ምግቡ ተበልቶ፣ ወጣቶቹ ወደ ጓሮ ወጥተው፣ እኛ ሃምሳን ያለፍነው ጎረምሶች ሶፋው ላይ እንደተዘረጋን እሱ እንደ ልማዱ አላስችል አለው። «እስቲ ሚስተር ናያርን አምጣቸው» አለኝ። እኔ ሲለምኑኝ ትንሽ እግደረደራለሁ እንጂ እምቢ ብዬ አላውቅም። ተነሣሁ፣ ሱሪዬን እስከ እምብርቴ ሳብኩ፣ ጠመኔ የያዝኩ መስዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ።

ያልሳቀችው የእኔዋ ልጅ ብቻ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነው፣ በዚያ ዕድሜ ደግሞ አባት የሚሠራው ሁሉ ያሳፍራል። መኪና ውስጥ ገብተን አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ወጣን። ከዚያ «ዳድ፣ ዳት ወዝ ኖት ኦኬ» አለች። የሰውን አነጋገር ማስመሰል መናቅ ነው፣ በተለይ የህንድን፣ ትምህርት ቤት እንደዚህ ያደረገ ልጅ ተቀጥቷል አለችኝ። አልተቆጣኋትም፣ እንዲያውም ደስ አለችኝ። «ኦኬ፣ ሶ አሁን ስሚኝ» አልኳትና ትራፊኩ እየተጎተተ ሳለ በሃያ አምስት ዓመቴ የሆነውን ነገርኳት። ለእሷ ያወራሁትን ነው አሁን የምጽፈው፣ እሷ እያቋረጠች የጠየቀችኝን ቀንሼ።

ሚስተር ናያር ናዝሬት የሂሳብ አስተማሪያችን ነበሩ። በዚያን ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ የህንድ አስተማሪ ያላስተማረው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቀጭን ናቸው፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ድምፃቸው ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሰማንያ ተማሪ ሆነን በሙቀት ስንቀቀል እሳቸው ሲናገሩ ከወዲያ ማዶ ያለው ክፍል ይማር ነበር። «ስለዚህ» ለማለት «ዴርፎር» ይላሉ፣ «ር»ን እያንከባለሉ። የሂሳብ ነገር ሆኖ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር የሚጀምረው በእሷ ነው። እናም ፊት ለፊታቸው ሚስተር ናያር፣ ከኋላቸው ዴርፎር ሆኑ።

የጠመኔው ብናኝ በየመሃሉ ያስላቸዋል፤ አንገታቸውንም ግራና ቀኝ የመወዝወዝ ልማድ ነበራቸው። ለእሳቸው «ልክ ነው» ማለት ነው፤ እኛ ግን «አይደለም» ያሉን እየመሰለን ትክክለኛውን መልስ አጥፍተን የተሳሳተ እንጽፍ ነበር። እኔ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በዚህ ምክንያት ወድቄያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አማርኛቸውም ክፍል ውስጥ የተለቀመ ስለሆነ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ተነሥ፣ ቁጭ በል፣ ዝም በል፣ ወደ ሰሌዳ ውጣ። ሰላምታ እንኳ ሲሰጡን «ተነሥ» ብለው ነበር የሚጀምሩት።

በየዓመቱ፣ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የአገራቸው የሪፐብሊክ በዓል ሲውል ጠመኔውን ያስቀምጡና ሂሳብ ይቀራል። በልጅነታቸው ከእንግሊዝ አገዛዝ ጋር እንዴት እንደተጋጩ ያንኑ አንድ ታሪክ ይነግሩናል። ቃሉ አይጨመርም፣ አይቀነስም። እኛ ሂሳብ ስለቀረልን እንወደዋለን፣ ታሪኩንም እንወደዋለን። የእኛ ጊዜም ቢሆን ሰብሰብ ብሎ መቆም የሚያስጠይቅበት ጊዜ ስለነበረ አንዳንዱ ቦታ ላይ በሩን እያየን ነበር የምንስቀው። እኔ ደግሞ ታሪኩን ከነሳሉ፣ ከነ«ዴርፎሩ»፣ ከነአንገቱ በቃሌ ያዝኩት። እሳቸው ሲዘገዩ ሰሌዳው ፊት ወጥቼ አቀርበዋለሁ። ታምራት በር ይጠብቃል። በዚያ ትምህርት ቤት እኔ በሌላ ነገር ታውቄ አላውቅም።

ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል ስገባ ያንን ሁሉ የተውኩት መስሎኝ ነበር። ሥራዬ ሲታክ ኤርፖርት ነበር፤ አጠገቡ መኪናቸውን ፓርክ የሚያደርጉ መንገደኞችን በትንሽ አውቶቡስ እያመላለስኩ ሻንጣ እጭናለሁ፣ አወርዳለሁ። በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት በሐምሌ ወር፣ ሲያትል ዝናቧን ረስታ እንጆሪው በየአጥሩ ጥግ በሚበስልበት ሰሞን፣ አንድ የህንድ ቤተሰብ ከጉዞ ተመልሶ ተሳፈረ። ባል፣ ሚስት፣ ዘጠኝ ዓመት ግድም የሆናት ልጅና አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌውን በእንግሊዝኛ «ይሄ ሻንጣ የእርስዎ ነው?» አልኳቸው። መልሳቸው ቃል አልነበረም። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉና «እ» አሉ።

ይህችን «እ» ታውቋታላችሁ። እኛ ነን እንዲህ አየር እየሳብን «አዎ» የምንል፤ ፈረንጅ ሲሰማን የደነገጥን ይመስለዋል። ህንድ ሽማግሌ ከየት ተማራት? ቀና ብዬ አየኋቸው። ፀጉራቸው ነጭቷል፣ ትከሻቸው ወድቋል፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል። ሸሚዙ ግን ያው ነጩ ነው። «ሚስተር ናያር!» ብዬ በአውቶቡሱ ሙሉ ጮህኩ። ትክ ብለው አዩኝ፣ ከዚያም በሹክሹክታ «ቁጭ በል» አሉኝ። እጄን ይዘው ነበር እንዲህ ያሉኝ። ሾፌሩ እኔ ስለሆንኩ ግን በመጨረሻ መቀመጤ አልቀረም።

ልጃቸው ሱሬሽ በመንገድ ላይ ነገረኝ። ከኢትዮጵያ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገብተው ነበር። ባለቤታቸው ሞቱ፣ ቀጥሎ ጉሮሮአቸው ላይ እብጠት ተገኘና ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፣ ድምፃቸው ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው እሱ ወደ አሜሪካ ያመጣቸው። ሱሬሽ ልጅነቱን ናዝሬት ስላሳለፈ «እሺ» እና «ና እዚህ» ይችላል። ሲሰናበተኝ «ና እዚህ፣ እሁድ» አለኝ፣ አድራሻውንም ሰጠኝ።

ቤታቸው ማውንት ቤከር የሚባል ሰፈር፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ ቤት ነበር። እሁድ እሁድ መሄድ ለመድኩ። የሱሬሽ ሚስት በኮኮናት የተሠራ ዓሣ በሩዝ ታቀርብልኛለች፣ ቀጭን ቀጭን ሆኖ የተጠበሰ ሙዝ በሳህን ሙሉ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ እኔም አላፍርም። ሚስተር ናያር ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው በሹክሹክታ የናዝሬትን ሰው በየስሙ ይጠይቁኛል። ጆሮዬን ከአፋቸው ማስጠጋት ነበረብኝ።

ልጅቷ አኒታ ትባላለች። አያቷን የምታውቃቸው ድምፃቸው ከሄደ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በስልክ ሲደውሉ ስለምታፍር ወደ ስልኩ አትቀርብም ነበር። አንድ እሁድ አስተማሪዬ እንደነበሩ ስትሰማ ግራ ገባት። «ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች እንዴት ይሰሟቸው ነበር?» አለችኝ። ድምፃቸው እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማ እንደነበር ነገርኳት። «ዩ አር ላይንግ» ብላ ሳቀች። ሚስተር ናያር ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። የዚያን ቀን ሙዙ አልበላ አለኝ።

ነሐሴ ላይ ህንድ ነፃ የወጣችበት ሃምሳኛ ዓመት ሊከበር ነበር። ሱሬሽ ከአዘጋጆቹ አንዱ ስለነበር ለአባቱ አምስት ደቂቃ አስይዞላቸዋል፤ ሐሳቡም ታሪካቸውን አኒታ ከወረቀት እንድታነበው ነው። ሚስተር ናያር ራሳቸውን አልወዘወዙም፣ «እ»ም አላሉም። ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እሱ ያውቀዋል» አሉ።

ሱሬሽ ጨዋ ሰው ነው፣ ቢሆንም ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ነበር። በህንዶች በዓል ላይ፣ በዚያ ሁሉ ህዝብ ፊት፣ የኤርፖርት ሾፌር አበሻ? ሚስተር ናያር እጁን ያዙትና ዝቅ አደረጉት፣ እኔም አብሬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ይህን ታሪክ በየዓመቱ ነግሬዋለሁ» አሉ በእንግሊዝኛ። «ለሰው አገር ልጆች ነገርኩት። ለራሴ የልጅ ልጅ ልነግራት ስመጣ ድምፄ ጥሎኝ ሄደ። ወረቀት አልፈልግም። ከሰው አፍ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።» ሱሬሽ «እሺ» አለ፣ በአማርኛ።

ታምራት ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አንተ ሰውዬ፣ እንዳትሳሳት! የእሳቸውን ድምፅ እንዳታወጣ። ሙድ የያዝክባቸው ነው የሚመስላቸው፤ ከዚያ አዳራሽ በእግርህ አትወጣም።»

«አብደሃል እንዴ? በራሴ እንግሊዝኛ ነው የምናገረው።»

«ማልልኝ።»

ማልኩለት። ሱፉንም ያዋሰኝ እሱ ነው፣ እጅጌው ጣቶቼን ይደብቅ ነበር።

አዳራሹ የአንድ ትምህርት ቤት ነበር፣ ለዕለቱ የተከራዩት። ብርቱካንማ፣ ነጭና አረንጓዴ ጨርቅ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጥሯል፤ በሩ ላይ የአበባ ጉንጉን፣ ከጓሮ በኩል በትልልቅ ብረት ድስት የሚንተከተክ ምስር። ሴቶቹ የለበሱት ሐር ዓይን ይወጋል። ሕፃናት ጨፈሩ፣ ከዚያ ስሜ ተጠራ። ሚስተር ናያር ፊተኛው ረድፍ ላይ ከሌሎች አዛውንቶች ጋር ተቀምጠዋል፣ አኒታ ከአጠገባቸው።

ማይክሮፎኑን ያዝኩና በለሰለሰ የኤርፖርት እንግሊዝኛዬ «ክቡራትና ክቡራን» አልኩ። ሚስተር ናያር ማን እንደሆኑ ተናገርኩ። ቀጥዬ ወደ ታሪኩ ልገባ ስል የለም። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ጠፋች። ሳምንት ሙሉ መስተዋት ፊት ያጠናሁት ሰውዬ ባዶ ሆኜ ቆምኩ። ማይክሮፎኑ ፉጨት አወጣ፣ ሰው ማሳል ጀመረ። አሁን ሳስበው ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያ ታሪክ በእኔ ድምፅ ተነግሮ አያውቅም። በጭንቅላቴ ውስጥ የኖረው በሌላ ሰው ድምፅ ነው። ላቤ በታምራት ሱፍ ውስጥ ሲወርድ ወደ ሚስተር ናያር አየሁ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ሁለቴ ከፍ አደረጉት። ያ የክፍል ምልክት ነው፣ «ተነሥ»።

አንገቴ በራሱ ተወዘወዘ። አፌን ስከፍት የወጣው «ማይ ዲር ስቱደንትስ!» ነበር፣ በዚያ እስከ ባቡር ጣቢያ በሚሰማው ድምፅ።

አዳራሹ በሙሉ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ጉርምርምታው ተነሣ። አንዲት ሴት አፏን በሻሿ ያዘች፤ መሃል ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ወንበሩን ገፍቶ ብድግ አለ። ሱሬሽ ደም የሌለው መሰለ። ታምራት ከበሩ አጠገብ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ። ማቆም እንዳለብኝ አውቄያለሁ፤ ካቆምኩ ደግሞ ታሪኩ አይመለስም። ቀጠልኩ።

«በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ እንግሊዞች መሪዎቻችንን ሁሉ በአንድ ሌሊት ለቅመው አሰሩ። ጋዜጦች ተዘጉ። በከተማችን አምስትና ከዚያ በላይ ሰው አንድ ላይ እንዳይቆም አዋጅ ወጣ። እኛ ግን የሂሳብ ተማሪዎች ነበርን። አምስት ከተከለከለ አራት ተፈቅዷል። ዴርፎር!»

«ዴርፎር» ስል ሱሬሽ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ትከሻው መናጥ ጀመረ። ብድግ ያለው ሰውዬ ወደ መድረኩ ሁለት እርምጃ እንደመጣ ግን ቆመ። የሚያየው እኔን አልነበረም። ዓይኑን ተከትዬ ሳይ አኒታ ከወንበሯ ወርዳ አያቷ ፊት ቆማለች። አንዴ ወደ እኔ አፍ፣ አንዴ ወደ እሳቸው አፍ ታያለች። ሚስተር ናያር ቃሉን ሁሉ ከእኔ ጋር እኩል እየተናገሩ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንገታቸው ከአንገቴ ጋር ይወዘወዛል፣ ጣታቸው በማይታይ ጠመኔ አየሩ ላይ ይጽፋል። የእሳቸው ከንፈር ነው፣ ድምፁ ደግሞ ከእኔ ይወጣል። ከፊት ያሉት ያዩትን ለኋለኞቹ በጆሮ አቀበሉ፣ አዳራሹ ከረድፍ ረድፍ ጸጥ እያለ ሄደ። ግዙፉ ሰውዬ ካለበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ዴርፎር ጎህ ሳይቀድ በአራት በአራት ሆነን ወጣን። በዚህ ጉራንጉር አራት፣ በዚያ ጉራንጉር አራት፣ የነፃነት መዝሙር እየዘመርን። እግራችን አልተገናኘም፣ ድምፃችን ግን ገበያው ላይ ተገናኘ። ድምፅን ማን ይቆጥራል? ፖሊሱ ከጉራንጉር ጉራንጉር እየሮጠ ይቆጥረን ጀመር። አንድ ቀን አጠገባችን ደርሶ በዱላው እየነካን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት አለ። እኔም አልኩት፣ ጌታዬ፣ እርስዎን ጨምረን አምስት ሆነናል፤ ዴርፎር እርስዎም አብረውን ይታሰሩ!»

ሳቁ ጣራውን ነካ። ከአዛውንቶቹ አንዲቱ ጉልበቷን እየመታች እንባዋ ይወርድ ነበር። የፖሊሱን ጥፊ ነገርኳቸው። ዳኛው ይቅርታ ጠይቀህ ወደ ቤትህ ሂድ ሲለው ያ ቀጭን ልጅ «ስሌቱ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ያሳዩኝና እጠይቃለሁ» ማለቱን፣ ስለዚህም እስር ቤት መክረሙን፣ እዚያም እስረኞችን መደመርና መቀነስ እያስተማረ አስተማሪ ሆኖ መውጣቱን ነገርኳቸው። ከዓመታት በኋላ ነፃነት የታወጀ ዕለት ያው ገበያ በሰው ሲጥለቀለቅ ያው ፖሊስ በግርግሩ መሃል አገኘውና «አሁንስ ስንት ነን?» አለው።

«አላውቅም ጌታዬ፣ አልኩት። ዴርፎር፣ ማይ ዲር ስቱደንትስ፣ ነፃነት ማለት ከወንድሞችህ ጋር ቆመህ ማንም የማይቆጥርህ ጊዜ ነው። በቃ። ቁጭ በል!»

«በቃ» እና «ቁጭ በል» በአማርኛ ነበሩ፣ ናዝሬት እንደነበሩት። ማንም ግን አልተቀመጠም። መጀመሪያ ፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት አዛውንቶች እየተደጋገፉ ተነሡ፣ ከአምስት ይበልጡ ነበር። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። አንዷ አሮጊት በቀጭን ድምፅ መዝሙር ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ እኔ ማይክሮፎኑን ይዤ ቋንቋውን ሳላውቅ አለቀስኩ። ደስታ ነው ያስለቀሰኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከመድረክ ስወርድ አኒታ አያቷን ሸሚዛቸውን ይዛ «እንዲህ ነበር የምታወራው?» ትላቸዋለች። ሚስተር ናያር አየር ሳብ አደረጉ፣ «እ»። ወደ እኔ ዞራ «አጌይን!» አለችኝ። የዚያን ቀን ስንት ጊዜ «ዴርፎር» እንዳስባለችኝ አላውቅም፤ ምስሩን በቅጡ ሳልበላ ቀዘቀዘ። ታምራት ግን ሦስት ሳህን አነሣ። እንዲያውም ሰው ሲጠይቀው በር ጠባቂዬ እንደነበረ በኩራት ይናገር ነበር።

ወደ መኪናቸው ስሸኛቸው ቀኑ ገና አልመሸም፣ ከከተማው ማዶ ያለው ተራራ ከነበረዶው በመንገዱ ጫፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ሚስተር ናያር፣ ይህን ታሪክ የሚያውቅ ስንትና ስንት ተማሪ አለዎት። እኔን ለምን መረጡኝ?» አልኳቸው። ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«በመስኮት አይቼሃለሁ» አሉ። «ናዝሬት። ጓደኛህ በር በሩን ሲያይ እኔ በመስኮት በኩል ነበርኩ። ስትጨርስ ነበር የምገባው።»

«አልተቆጡም?»

«ለምን እቆጣለሁ? ራሴን ሰምቼ አላውቅም ነበር።» ቀጥለውም በሁለት ጣት ጉንጬን ቆነጠጡኝ። «ሳሉን ግን ታበዛዋለህ።»

ሚስተር ናያር ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። እኔም ሾፌርነቱን ትቼ ሌላ ሥራ ያዝኩ፣ ትዳር ያዝኩ፣ ጨጓራም ያዝኩ። ስለ ነፃነት መጻሕፍት አንብቤያለሁ፣ የህንዶቹንም የሌሎቹንም ትግል። ትልልቆቹ ስሞች ሁሉ እዚያ አሉ። እኔ ግን ትዝ የሚሉኝ ጎህ ሳይቀድ በጉራንጉር የሚዘምሩት አራት አራት ልጆች ናቸው፤ ስማቸው የትም ስላልተጻፈ ይመስለኛል። ድምፅ ነበሩ፣ ድምፅ ደግሞ የሚቀጥለው ሰው ካልያዘው ይጠፋል። ልጄ ከመኪና ስትወርድ «አሁንም ግን ሰው ፊት ስታደርገው መጀመሪያ ታሪኩን ንገራቸው» አለችኝ። ልክ ሳትሆን አትቀርም።

አኒታ አሁን ቦስተን ናት፣ ሐኪም ሆናለች። በዚህ ሚያዝያ ወንድ ልጅ ወለደች። ከወለደች በሁለተኛው ሳምንት ደውላ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለውን እንዴት በእንግሊዝኛ እንደምለው እየተጨነቅሁ ሳለ፣ አቋረጠችኝና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ለሕፃኑ ነው የምትናገረው። «ስማ» አለችው፣ «ቅድመ አያትህ ሊያናግሩህ ነው።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። ተማሪው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተኝቷል። «ማይ ዲር ስቱደንትስ» ብዬ ጀመርኩለት፣ ከአንደኛው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ሳሉን ግን ቀንሼ።